ያልተመዘገበች ፍሬ

እሁድ ማለዳ ነው፤ ጅማ አልነቃችም፥
ሂርማታ ገበያ ጆንያ አልዘረጋችም።
አዲስ ቡት ጫማዬን በሁለት ካልሲ አስሬ
ሼቤ በሚል ታክሲ ሄድኩኝ ተሳፍሬ።

ሐኪሙ ነው ጥፋቱ፤ "ስኳርህ ጨምሯል፥
ወንበርህና አንተ ሥር ተያይዛችኋል፤
አንድ ቀን ውጣና ተራመድ" ብሎ ያዘዘልኝ፥
ከኪኒኑ ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፥ በቡና መጋዘን፥
በፈረሱላ ሲሰፈር፥ በኩንታል ሲመዘን
ጽፌያለሁ። ገቢ፥ ወጪ፥ ጉድለት፥ ቀሪ፤
እኔ ነኝ የጅማ የቡና ቆጣሪ።
ቡናን ግን ከነዛፉ፥ ከነጥላው፥ ከነአፈሩ
አይቼው አላውቅም፤ ይኸው ነው ነገሩ።

በለጤ ጫካ ጫፍ ትጠብቀኝ ነበር
መኪያ አባ ጨብሳ፥ የጫካው ማኅበር
መንገድ መሪ። በትከሻዋ ገመድ ጠምጥማ፥
በእግሯ ግን ሌላ የለ፥ ያው ኮንጎ ጫማ።
ቡቴን ቁልቁል አየች፤ ምንም ግን አላለች፥
ፍርዱን ለጭቃው ትታ ወደፊት ቀደመች።
"ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አልኳት እንደ ልማዴ፤
"እስኪደክምዎት ነው፤ አይለካም መንገዴ።"

ገባን። ፀሐይ ጠበበች፤ ድምፅ ሁሉ ራሰ፤
ሐረግ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንደ ድውር ፈሰሰ።
ዝግባ፥ ቀረሮ፥ ሾላ... ልቆጥር ጀመርኩኝ፥
አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ወፍ ጠራና ሳትኩኝ፤
እንደገና ከአንድ። ጉሬዛ ቅርንጫፍ ለቀቀ፥
ነጭ ጭራው ባየር ላይ ለአፍታ ደመቀ።
ተውኩት። ቁጥሩ ከአፌ እንደ ፍርፋሪ ረገፈ፤
መኪያ ሰማች መሰለኝ፥ በትከሻዋ ሳቅ አለፈ።

ከዚያማ ጉንዳን! መንገዱን ሰንጥቆ፥
ጥቁር ገመድ ሆኖ፥ ረዝሞ፥ ጠብቆ
ሲሄድ ሳላስተውል፥ ስተነፍስ ቆሜ መሃሉ፥
በሱሪዬ ውስጥ ወጡ፤ ወደ ላይ ነው ሁሉ።
የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፥ ከረባት የማስር፤
እንደ ፍየል ዘለልኩ፥ ቀበቶ ፈታሁ፥ ሳላፍር።
ፊቷን ወደ ዛፍ አዙራ፥ ሳቋን እየዋጠች፥
"ይነክሳሉ እንጂ አይሰርቁም" አለች።

ቀፎ የተሰቀለበት የረጅም ዛፍ ሥር
ስንደርስ ዝም አለች። ጣቷን ለአፍታ በቅርፊቱ ዳር
አሳረፈች፤ አነሳች። ምንም ሳንነጋገር
አለፍን። ብዙ ሄደን፥ ወንዙ ዳር ስንቆም ነበር
"ወንድሜ ነው" ያለችኝ። "ማር ሊቆርጥ ወጥቶ። ገመዱም ይኸው፥
አልተበጠሰም፤ የከዳው ቅርንጫፉ ነው።"
ምን ይባላል? ቃል በአማርኛም በኦሮሚኛም
ስፈልግ፥ እሷ ወንዙ መሃል ነች፤ አልጠበቀችኝም።

ከወንዙ ማዶ ነው። "ይኸው ቡናዎ" አለችኝ።
የቱ? ዞርኩ። መደዳ፥ ረድፍ ነበር የጠበቅኩኝ።
ቀጭን፥ ጎባጣ ነገር፥ ጥላ ውስጥ ተደብቆ፥
ሽበቱን ከሥር እስከ ጫፍ ግንዱ ላይ አጥልቆ
ቆሟል፤ ሰው ያልተከለው፥ ማንም ያልሰፈረው፥
ፍሬው እፍኝ አይሞላ፥ ጦጣ ያስተረፈው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን ስጽፍ የኖርኩት
ባለጉዳዩ ይህ ነው፤ ዛሬ ገና አገኘሁት።
አንገቴን ደፋሁለት፥ ለምን እንደሁ እንጃ፤
ምናልባት ከድካም ነው፥ ከመቶ ሺህ እርምጃ።

ዝናብ መጣ፤ ግን በድምፅ፤ ጠብታው ዘገየ፥
ቅጠል ለቅጠል ሲቀብል፥ እኛን ሳይነካ ቆየ።
ዝግባ ሥር ተጠለልን። ቆሎ አወጣች ከኪሷ፥
በኦሮሚኛ አንድ ነገር አንጎራጎረች ለራሷ።

ማታ ጅማ። መብራት የለም። ቡቴ ጭቃ ለብሶ
ከበሩ ሥር ተኛ፥ እንደ ውሻ ርሶ።
ኪሴን ብዳብስ፥ አለች፤ አንዲት ቀይ ፍሬ፥
መቼ እንደለቀምኳት አላውቅም እስከ ዛሬ።

ሰኞ መዝገብ ገለጥኩ። ገቢ ምንም። ወጪም ምንም።
አንዲት ፍሬ በየት በኩል እንደምትገባ አላውቅም።
ከማኅተሙ አጠገብ ትጨማደዳለች፤
"ይነክሳሉ እንጂ አይሰርቁም" ብላኝ የለች?